ኬርን ቴሪየር ለምትፈልጉ ቤተሰቦች፦ እኚህን ሴት ሳታነጋግሩ ቡችላ እንዳትገዙ

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝ አገር የምትኖሩ፣ ልጆቻችሁ «ውሻ ግዙልን» እያሉ የሚወተውቷችሁ ወላጆች፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከለንደን ወጣ ብለው የሚኖሩ፣ ኬርን ቴሪየር የተባለውን ትንሽ የውሻ ዘር የሚያረቡና የራሳቸውንም የሰውንም ውሾች ፀጉር በእጃቸው የሚያስተካክሉ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ። ለእሳቸው ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ካልተናገርኩ ዕዳ ሆኖ ይቀርብኛል። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አላወጣም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን በፈቃዳቸው እሰጣለሁ።

መጀመሪያ ምሬቱን ልናገር፤ ብዙ ወገን እየተቃጠለበት ነውና። ማስታወቂያው ላይ ፎቶው ያምራል፤ ሲደወል «መያዣ አሁኑኑ ላኩ፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ይባላል። እናቱን ማየት እንፈልጋለን ስንል አንዴ ሐኪም ቤት ናት፣ አንዴ እህቴ ጋ ናት። መገናኛው የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ሆነ። ቡችላው ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይናር ይዞት፣ ከመኪና ኋላ ከካርቶን ውስጥ ወጣ። ያሳዝናል፣ ያናድዳልም። «የሉሲ ሕግ» በሚባለው መሠረት ከኤፕሪል 6 ቀን 2020 ጀምሮ በእንግሊዝ ማንም ነጋዴ ከ6 ወር በታች ያለ ቡችላ ከሌላ አምጥቶ መሸጥ አይችልም፤ ወይ ከራሱ ከአርቢው ወይ ከመጠለያ ነው የሚወሰደው። 8 ሳምንት ሳይሞላውም ማይክሮቺፕ፣ ማለትም መለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ ቺፕ፣ ከቆዳው ሥር ሊገባለት ይገባል፤ በቺፑ ላይ መጀመሪያ የሚመዘገበውም አርቢው ራሱ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ካልታየች፣ ወይም የሻጩ ስምና የቺፑ ስም ካልገጠመ፣ ልጆቹ ቢያለቅሱም ጥላችሁ ውጡ። አዝናችሁ የምትገዙት አንድ ቡችላ ለዚያ ሰው የሚቀጥለው ንግድ መነሻ ነው።

እኚህ ሴት ስልኩን ሲያነሡ ስለ ዋጋ አልተናገሩም። ቀን ቤት ማን ይውላል? ትንሹ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? አጥሩ ከሥሩ ክፍተት አለው? ድመት አለ? ጎረቤት ጩኸት ይታገሣል? ይህን ሁሉ ጠየቁ። ምክንያቱን ደግሞ እንዲህ አስረዱ። ኬርን የመጣው ከስኮትላንድ ተራራማ አገርና ከስካይ ደሴት ነው፤ ሥራው ከድንጋይ ክምር ሥር ገብቶ ቀበሮና አይጠ መጎጥ ማስወጣት ነበር። ጌታው ከላይ ሆኖ የት እንዳለ የሚያውቀው በጩኸቱ ነው። እንግዲህ መቆፈርና መጮህ የባሕርይ ብልሽት አይደለም፤ ለዚያ ተብሎ የተረባ ነው። መቀነስ ይቻላል፣ ማጥፋት አይቻልም። ዝምተኛ ውሻ የሚፈልግ ሰው ሌላ ዘር ይፈልግ ብለው በግልጽ ይናገራሉ፤ ለመሸጥ ሲሉ አይዋሹም።

ቁመቱ ከ28 እስከ 31 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ6 እስከ 7.5 ኪሎ ነው። ትንሽ ቢሆንም የጭን ውሻ አይደለም፤ በቀን እስከ አንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ይፈልጋል። ሽኮኮ ካየ ስሙን ብትጠሩት አይሰማም፤ ስለዚህ መንገድ አጠገብ ማሰሪያው አይፈታም። አጥሩ ሥር ሽቦ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ቢቀበር ቁፋሮው ወደ ጎረቤት አያሻግረውም። አንገቱ ላይ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ያለበት ምልክት ማሰር ደግሞ እዚህ አገር ግዴታ ነው፤ ቺፑ ብቻ አይበቃም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ እኚህን ሴት በልቤ ያስቀመጠብኝ ነገር ይኸ ነው። ከቡችሎቹ መካከል ልጆቹ ሁሉ ወዲያው የወደዷት፣ ከሁሉ ትንሿ፣ ጸጥ ያለችው ነበረች። ማንም ሻጭ ቢሆን ደስ ብሎት ያስረክባት ነበር። እሳቸው ግን ወረቀት አወጡና «ይቺ አትሸጥም» አሉ። የደም ምርመራዋ ላይ በእርሳስ ያሰመሩበት ቁጥር ነበር። በኬርን ዘር የሚፈራ የጉበት ችግር አለ፦ ከአንጀት የሚመጣው ደም በጉበት ውስጥ አልፎ መጣራት ሲገባው በተፈጥሮ በተከፈተ ሌላ ሥር በኩል ያመልጣል። ያልተጣራው መርዝ አንጎል ይደርሳል። እንዲህ ያለ ቡችላ አያድግም፣ በተለይ ከበላ በኋላ ይፈዛል፣ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ግድግዳ ላይ ጭንቅላቱን ይደግፋል። የሚመረመረው በሐሞት አሲድ ምርመራ ነው፤ ደም አንዴ ጾሙን ሳለ፣ ሁለተኛ ከበላ ከ2 ሰዓት በኋላ ይወሰዳል። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻ ፍርድ አይደለም፤ በዚህ ዘር ከፍ ያለ ቁጥር ይዘው ምንም ሳይሆኑ የሚኖሩ አሉና ቀጥሎ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። እሳቸው ያንን ውጤት እስኪያዩ ቡችላዋን በራሳቸው ወጪ ሊያሳክሟት ወስነው ነበር። ልጆቹን ደግሞ ቁጭ ብለው፣ በልጅ ቋንቋ፣ «ሆዷ ውስጥ ያለው ማጣሪያ መሥራቱን ሐኪሙ ይይልን» ብለው አስረዷቸው። ገንዘብ እጃቸው ሊገባ ሲል የመለሱ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ አርቢ ፈልጋችሁ አታገኙም።

ስለዚህ የትም ብትሄዱ የሐሞት አሲድ ውጤቱን በወረቀት ጠይቁ። የወላጆቹን የዓይን ምርመራም እንዲሁ፤ በኬርን ዓይን ውስጥ ጥቁር ቀለም እየተከማቸ ግፊት የሚያመጣ፣ በዕድሜ የሚመጣ በሽታ አለና። የመንጋጋ አጥንት መወፈር የሚባለውም አለ፤ ከ3 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ ቡችላው አፉን ሲከፍት ያለቅሳል፣ መብላት ይፈራል፤ በወላጆቹ ላይ የዘር ምርመራ ሊደረግ ይችላል። ሲሮጥ የኋላ እግሩን ለጥቂት እርምጃ አንሥቶ መልሶ የሚያወርድ ከሆነ የጉልበት ሎሚው ከቦታው እየወጣ ነው፤ «ሲጫወት ነው» የሚላችሁን አትስሙ። ቡችሎቹን ስታዩ የሚሸሸውንም በሌላው ላይ የሚወጣውንም ተዉት፤ መሃለኛው፣ መጥቶ የሚያሸት፣ ሲነሣ ታግሎ ቶሎ የሚረጋጋው ለልጆች ቤት ይሻላል። ቡችሎቹ ሳሎን ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያውንና የልጅ ጫጫታ እየሰሙ ያደጉ መሆናቸውንም ጠይቁ፤ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያልለመዱትን ነገር ኋላ ላይ ይፈሩታል።

ስለ ፀጉሩ ደግሞ ሌላ ምሬት አለ። የውሻ ውበት ቤት የሚባሉ ቦታዎች ኬርኑን ተቀብለው በቶንዶስ ይላጩታል። ጀርባው እንደ ጥጥ ለስልሶ፣ ቀለሙ ደብዝዞ ሲመለስ «ይበቅላል» ይላሉ። አይበቅልም፣ ቢያንስ እንደነበረው አይሆንም። የኬርን ፀጉር ድርብ ነው፤ ከላይ ዝናብ የማያስገባ ሻካራ፣ ከሥር የሚያሞቅ ለስላሳ። ቶንዶሱ የሞተውን ሻካራ ፀጉር ከመሃል ይቆርጠዋል እንጂ ከሥሩ አያወጣውም። ሥሩ ቦታውን ይዞ ስለሚቀር አዲሱ አይተካም፤ ለስላሳው ይበዛና ይቋጠራል፣ ውሃ ይይዛል። የቆዳ ሕመም ላለበት ወይም መቆም ለሚያቅተው ሽማግሌ ውሻ ቶንዶስ ነውር አይደለም። ጤነኛውን ግን ሳይጠይቁ መላጨት ሥራ አለማወቅ ነው።

እኚህ ሴት በእጃቸው ነው የሚነቅሉት። ውሻውን ጠረጴዛ ላይ፣ የማያንሸራትት ምንጣፍ ዘርግተው ያቆሙታል። ቀድመው አያጥቡትም፤ የታጠበ ፀጉር ያዳልጣል። ጣታቸው ላይ የላስቲክ ቆብ ያደርጋሉ፣ ወይም ጠመኔ ይነሰንሳሉ። በግራ እጃቸው ቆዳውን ወጠር አድርገው፣ በቀኝ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጥቂት ፀጉር ጫፉን ይዘው፣ ወደሚበቅልበት አቅጣጫ ይስባሉ። አንጓው አይጣመምም፤ ክንዱ በሙሉ ነው የሚስበው፣ አለዚያ ፀጉሩ መሃል ላይ ይበጠሳል። የልጃችንን ጣት ይዘው በዚያው አሳዩዋት፤ ውሻው ዞር ብሎም አላያትም። «ወዲያው ካልወጣ አልደረሰም፣ ተዪው» አሏት። ሆዱና ብሽሽቱ ቆዳው ስስ ስለሆነ በመቀስ ብቻ ነው። የጆሮው ጫፍ ላይ ያለው ፀጉር በየጊዜው ይነሣል፤ ክብደቱ የቡችላውን ጆሮ እንዳይቆም ይይዘዋል። ሙሉ ነቀላው በዓመት ሁለቴ ይበቃል፤ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ በቡርሽ፣ ከዚያ በማበጠሪያ እስከ ቆዳው ማበጠር፣ በተለይ ብብቱንና ከጆሮው ኋላ። ጥፍሩ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይታይ። ጥርሱ በውሻ የጥርስ ሳሙና ይቦረሽ፤ የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ስለ እኛ ቤት ወጥ ቤት ጠይቀው መረዳታቸው ነው። «ምን ታበስላላችሁ?» አሉ፤ ስንነግራቸው ደንግጠው ብዕር አነሡ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ ምልክቱ ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው፦ ድካም፣ የድድ መንጣት፣ የሽንት መቅላት። ቁሌት ያለበት ወጥ ሁሉ፣ ቅመም የገባበት ሽሮና በርበሬም ጭምር፣ ለውሻ ክልክል ነው። ወጡን አጥቦ መስጠትም አያድንም። የዶሮ ወጥ አጥንት በስሎ ስለሚሰነጠቅ አንጀት ይበሳል። ቆሎ ውስጥ የምትጨምሩት ዘቢብ ኩላሊት ይጎዳል፤ ጥቂቱ እንኳ 7 ኪሎ ለሆነ ውሻ ያሰጋል። የበዓል ዳቦ ቡሆ ሳይጋገር ቢበላው ሆዱ ውስጥ ይነፋል፣ አልኮልም ያወጣል፤ ሊጡን ክዳን አድርጋችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ። የቡና ፍሬና ቸኮላት፣ ስኳር የለሽ ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫም ለውሻ መርዝ ናቸው። በስህተት ከበላ ምልክት አትጠብቁ፤ ምን እንደበላ፣ ምን ያህልና መቼ እንደሆነ፣ ክብደቱን ጨምራችሁ ወዲያው ለሐኪም ደውሉ። እንግዳ በሚበዛበት ቀን ውሻው በር ተዘግቶበት ሌላ ክፍል ቢውል ይሻላል፤ ለፍቅር ብሎ ጉርሻ የሚወረውር ዘመድ አይጠፋም።

ምግቡን በተመለከተ፣ 8 ሳምንት ላይ በቀን 4 ጊዜ፣ ከ3 ወር በኋላ 3 ጊዜ፣ ከ6 ወር ወዲህ 2 ጊዜ። አርቢዋ የሚያበሉትን ምግብ በድንገት አትቀይሩ፤ አዲሱን በሳምንት ውስጥ እየቀላቀላችሁ ካልተካችሁት ተቅማጥ ይይዘዋል። እሳቸው ለመጀመሪያው ሳምንት የሚሆን ምግብ ከእናቱ ሽታ ካለበት ጨርቅ ጋር አዘጋጅተው ይሰጣሉ። ውፍረቱን በዓይን ሳይሆን በእጅ ነው የሚለኩት፦ ጎኑን ስትዳብሱ የጎድን አጥንቱ ሊሰማችሁ፣ ግን ሊታያችሁ አይገባም። ግማሽ ኪሎ ለሰው ምንም አይደለም፤ ለ7 ኪሎ ውሻ ግን ብዙ ነው፣ ጉልበቱም ላይ ይወድቃል።

ደግሜ እላለሁ፤ ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ሐቀኛ ሰው ናቸው። እባካችሁ ከማንም በፊት እሳቸውን አነጋግሩ። ቡችላ ሁልጊዜ የላቸውም፤ ስም ይይዙና ተራ ያስጠብቃሉ፤ ቀን ቤት ሰው ለሌለው ቤተሰብ «አሁን ጊዜው አይደለም» ሊሉም ይችላሉ፣ አትቀየሟቸው። ለመሮጥ ጉልበት ለሌላቸው አባቶችና እናቶች አንዳንዴ መውለድ ያቆመች፣ የረጋች ትልቅ ውሻ ይሰጣሉና እሱንም ጠይቁ። ለፀጉር ሥራ ብቻ የምትሄዱም ብትሆኑ ይቀበሏችኋል፤ ውሻው ከዚህ በፊት በቶንዶስ ተላጭቶ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ረዘም ያለ ሰዓት ይይዙላችኋል፤ ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንትም አትጠቡት።