ዕዳ ሲከብድ ማን ዘንድ ይኬዳል? ነፃ የሕግ ድጋፍ፣ ጠበቃ ወይስ ጉዳይ ገዳይ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር የሚያውቁኝ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ «ዕዳው ከአቅሜ በላይ ሆነ፤ ከስሬያለሁ ብዬ ፍርድ ቤት ባሳውጅስ? ማንን ልያዝ?»

መጀመሪያ የኪሳራውን ነገር እንዝጋው። በአገራችን የኪሳራ ሥርዓት የተሠራው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ይህን አልለወጠም። መምህር ወይም ነርስ «ከሰርኩ» ስላለ ዕዳው አይሰረዝለትም። «አሰርዝልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ብር ሳትሰጡት ተነሡ።

ደመወዝተኛን የሚያድነው ሌላ ነው፤ የተጋነነ ወለድ ማስቆረጥ፣ ክፍያውን በየወሩ ማስከፋፈል፣ ደመወዝ ከልክ በላይ እንዳይቆረጥ ማድረግ። ለዚህ ደግሞ እኔ ሰው የምልከው ማራኪ ግቢ ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ዘንድ። ወጪው የፎቶ ኮፒና የባጃጅ ነው። አቅም እንደሌላችሁ የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ አውጡ። ወረፋ አለ፤ ቀጠሮ ሊደርስ ሲል ሮጦ መሄድም አያዋጣም። መጥሪያው በደረሳችሁ ማግስት ሂዱ።

ማመልከቻና የክስ መልስ በክፍያ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊና ጉዳይ ገዳይ ርካሽ ይመስላሉ። የእህቴ ባል ለክስ መልስ 800 ብር ከፈለ። ከአንድ ነጋዴ ያለ ወረቀት 60,000 ብር ተበድሮ፣ በዓመቱ 40,000 በባንክ መልሷል፤ የተከሰሰው ግን በ110,000 ነው። የተጻፈለት መልስ ከሌላ ሰው ፋይል የተገለበጠ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ የማያውቀው ሰው የጤፍ ዕዳ እንዳለ ቀርቷል። ከሱ በላይ ደግሞ «የተጠየቀውን ገንዘብ መበደሬን አልክድም፤ ጊዜ ይሰጠኝ» ይላል።

ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ገደለችው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት (ዕዳውን አምኖ በመቀበል) ወይም መሐላ ብቻ ነው። ከሳሹ ወረቀት አልነበረውም፤ እምነቱን የሰጠው የእኛው ሰው መልስ ነው። የባንክ ደረሰኙ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ ማንም አምጣ አላለውም። በጽሑፍ ያልተስማሙበት ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ በ60,000 ላይ 5,400 ብር። የቀረውን 20,000 ስትጨምሩበት 25,400 ይሆናል። የተፈረደበት 110,000 ነው። በ800 ብር ወረቀት 84,600 ብር ሄደ ማለት ነው! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ቢጻፍም እንኳ ከግለሰብ ለተወሰደ ብድር ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ ነው። በወር 10 በመቶ የሚያስከፍል አራጣ አበዳሪ ከ100,000 ብር ላይ በዓመት 120,000 ይወስዳል፤ በሕጉ ግን ከ12,000 አይበልጥም። ጉዳይ ገዳይ ይህን አይነግራችሁም። «ከዳኛው ጋር እንተዋወቃለን» ብሎ ለዚያም ብር ይጠይቃል።

ጠበቃስ? ለአንድ ወዳጄ ስናጠያይቅ ሙሉ ጉዳዩን ለመያዝ 25,000 ብር፣ ግማሹ ቅድሚያ ተባልን። ፋይል ዓይቶ ለመምከር ብቻ ግን 1,500። 40,000 ብር ዕዳ ላለበት ሰው የመጀመሪያው አያዋጣም፤ ሁለተኛው ያዋጣል። ፈቃዱን ጠይቁ፣ ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ቤት በባንክ ከተያዘ ግን ምክሬ ይለወጣል። ባንክ መያዣውን ለመሸጥ ፍርድ መጠበቅ የለበትም፤ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሐራጅ ማውጣት ይችላል። እዚህ ላይ 25,000 ብር አትሰስቱ፤ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ጽፋችሁ በዚያው ሳምንት ጠበቃ ያዙ፤ ጎን ለጎንም ባንኩን የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ በጽሑፍ ጠይቁ።

ለሰው ዋስ ሆናችሁ ዕዳውን የተጠየቃችሁ ደግሞ የፈረማችሁበትን ወረቀት ሳትይዙ የትም አትሂዱ። የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልጠቀሰ አይጸናም። ለሚያማክራችሁ ሰው መጀመሪያ የምታሳዩት ያንን ቁጥር ወይም ባዶ የቀረውን መስመር ነው።