የማስቶዶን ሁለት በሮች

ፒያሳ ማኪያቶ ፉት እያልን ታናሽ እህቴ መለያ ልታወጣ በስልኳ ማስቶዶን የተባለውን ማኅበራዊ መገናኛ ከፈተች። ሁለት ምርጫ መጣላት፤ ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

አንደኛው ማስቶዶን ሶሻል ወደተባለው ትልቅ አገልጋይ (ሰርቨር፣ የአባላት መለያና ጽሑፍ የሚቀመጥበት ቤት) ያስገባል። መተግበሪያው ይህንን ያስቀደመው በ2023 ነው፤ ቀድሞ ጀማሪው ከረጅም ዝርዝር መምረጥ ነበረበት፣ ብዙዎችም እዚያው ይሰለቹ ነበር። ቀላል ነው፤ ግን ሁሉም አንድ ቤት ከተጠጋ ማስቶዶን ያልተማከለ፣ ማለትም በብዙ አገልጋዮች የተከፋፈለ መሆኑ ምኑ ላይ ነው?

ሁለተኛው ራስን ችሎ አገልጋይ መምረጥ ነው። በትንሽ አገልጋይ የአካባቢው ገጽ (የዚያው አገልጋይ አባላት የጻፉት የሚታይበት) እንደ ሰፈር የቡና ሥነ ሥርዓት ነው፤ ወሬው ቅርብ ነው። አስተዳዳሪው ከታከተው ግን ቤቱ ሊዘጋ ይችላል።

«በትልቁ ጀምሪ» አልኳት። ኋላ ስትዛወሪ ተከታዮችሽ አብረውሽ ይሄዳሉ፤ የጻፍሽው ግን እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ብዙ ሳትጽፊ ተዛወሪ።