ባትሪዬን ሳይለካ «ቀይሪው» ላላለኝ ባለሙያ

ጅማ ውስጥ መኪና የምትይዙ ሁሉ፣ በተለይ ማለዳ የምትወጡ፣ ይህን አንብቡልኝ። መርካቶ አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ወጣት አለ። «ስሜንና ስልኬን አደባባይ አታውጪብኝ» ስላለኝ አልጽፈውም፤ ምስጋናዬን ግን በሆዴ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም።

ሥራዬ ዳቦ ማከፋፈል ነው። ዳቦው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከምድጃ ይወጣል፤ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ኪቶ ፉርዲሳ ያሉ ሱቆች ቁርስ ሳይደርስ መረከብ አለባቸው። አንድ ቀን ካረፈድኩ ባለሱቁ ከሌላ ይወስዳል፤ በማግስቱም ከዚያው ይወስዳል። መኪናዬ ማለዳ በአንድ ቁልፍ መነሳቷ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ከህዳር ወዲህ ዲኤክስ መኪናዬ አመል አወጣች። ማለዳ ቁልፍ ሳዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ እያቃሰተ ይጎተታል፤ መብራቱ ድብዝዝ ይልና አንዳንዴ ጨርሶ እምቢ ትላለች። ቀን ላይ ፀሐይ ሲወጣ ምንም እንዳልነበረባት ቀጥ ብላ ትነሳለች። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ አንድ መልስ ነበረው፦ ብርዱ ነው፣ ባትሪው አልቋል፣ ቀይሪው። አንድ ሻጭማ ኮፈኑን እንኳ ሳያስከፍት አዲስ ባትሪ አውርዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ። ባትሪ ዛሬ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ። የዱቄት ገንዘቤን ልሰጥ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጎረቤቴ «ከመግዛትሽ በፊት ለዚያ ልጅ አሳዪው» ብላ ላከችኝ። ሱቁ ስደርስ መኪናዋ በደንብ ሞቃለች። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ አየና ቴስተሩን ሳያወጣ መልሶ ዘጋው። «እትዬ፣ አሁን ብለካው ይዋሸናል» አለኝ። መኪና ሲነዳ ቆይቶ ወዲያው ባትሪው ሲለካ፣ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ የገባው ቻርጅ ላዩ ላይ ስለሚቆይ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይታያል። «ማታ አቁሚው፣ ቁልፍ አታዙሪ፣ መብራት አታብሪ፣ በርም ደጋግመሽ አትክፈቺ። ጠዋት ሳይነሳ እኔ ቤት ድረስ እመጣለሁ።» መጣም። ጎህ ሲቀድ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ በእግሩ።

ጅማ ብርድ የላትም የሚሉ ሰዎች የበጋን ሌሊት እዚህ አላደሩም። ከህዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቀኑ ደግሞ ከ25 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ልጁ እየሠራ እንዳስረዳኝ፣ ባትሪ ኃይል የሚሰጠው በውስጡ ያለው እርሳስና አሲድ ሲገናኙ በሚፈጠረው ኬሚካላዊ ሥራ ነው፤ ያ ሥራ በብርድ ይዘገያል። 0 ዲግሪ ላይ ደህና ባትሪ እንኳ ሞተር የማስነሳት አቅሙ በግልጽ ይቀንሳል። የእኛ ብርድ እዚያ አይደርስም። ግን የሞተር ዘይቱም በቅዝቃዜ ስለሚወፍር ሞተሪኖው ከቀኑ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ሙቀት መሆኑን ሲነግረኝ ገረመኝ። ቀን በሙቀት የተጎዳው ባትሪ ጉዳቱ የሚታወቀው ሲበርድ ነው፤ ለዚህም ነው ሰው ሁሉ ጥፋቱን በብርድ ላይ የሚጥለው።

መጀመሪያ ባትሪውን እንዳደረ ለካው፦ 12.5 ቮልት። ቁጥሩን አሳየኝና ትርጉሙን ነገረኝ። 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው፣ ከ12 ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። የእኔ ደህና አድሯል ማለት ነው። ቀጥሎ ቁልፉን እኔ እንዳዞር አደረገኝ፤ እሱ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ ያዘ። ሞተሪኖው እያቃሰተ ሲዞር ባትሪው 10.8 ላይ ቆመ። ደካማ ባትሪ ቢሆን ከ9.6 በታች ይወርድ ነበር አለኝ። እኔ «ታዲያ ምን ሆና ነው?» ብዬ ሳልጨርስ አንዱን ጫፍ በኔጌቲቩ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ «አሁንም አዙሪ» አለኝ። ቴስተሩ 1.3 አሳየ። እዚያ መሀል ከግማሽ ቮልት በላይ መጥፋት አልነበረበትም። ባትሪው የሰጠው ኃይል ሞተሪኖው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነበር። በሽታው የማሳው ኬብል፣ ማለትም የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው ኬብል ነበር።

ከዚያ ያደረገውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ባለሙያ ማለት ምን እንደሆነ ያየሁት እዚያ ላይ ነው። መነጽሩን አደረገ። አጠገባችን ሲጋራ ሊለኩስ የነበረውን የጥበቃ ሠራተኛ በትህትና አራቀው፤ ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ይፈነዳል። ኔጌቲቩን አስቀድሞ ፈታ። ፖዘቲቩ ቀድሞ ሲፈታ ቁልፉ የመኪናውን አካል ከነካ ብልጭታ ስለሚፈጠር ነው። በባትሪው ራስ ዙሪያ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ጋግሮ ነበር። ሶዳ በፍል ውሃ በጥብጦ ሲያፈስበት እንደ ጠላ አረፋ ተንተከተከ። ደጋግሞ አጠበው፣ በብሩሽ ፈገፈገው፣ እርሳሱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። የማሳውን ኬብል አውጥቶ ጫፉን በቢላ ሰነጠቀው። ላዩ ጥቁር ጎማ፣ አንድ ጭረት የለበትም፤ ውስጡ ያለው መዳብ ግን አረንጓዴ ሆኖ በጣቱ ሲነካው ይረግፍ ነበር። ይህን በዓይን አይቶ የሚያውቅ ማንም የለም። የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው።

በዚያው ውፍረት አዲስ ኬብል ቆርጦ ገጠመ። በሞተሩ በኩል ያለውን ዝገትም ጠርጎ አጠበቀው፣ ራሶቹን ግሪስ ቀባ፣ ሲያስር ኔጌቲቩን መጨረሻ አሰረ። መልሰን ስንለካ 1.3 የነበረው 0.2 ሆነ። ዲኤክሴ በብርዱ፣ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። እሱ ግን አልጨረሰም። ሞተሩ እየሠራ የፊት መብራት አብርቶ ዲናሞውን ለካ፤ 14.1 ቮልት። ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው ባትሪውን በደንብ እየሞላ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ አልላላም። ከሰዓት ሱቁ ወስጄለት ባትሪውን በጭነት መሞከሪያ ለ15 ሰከንድ ፈተነውና «ይህ ባትሪ ገና ያገለግልሻል» አለኝ። የኬብልና የእጁን ብቻ ተቀበለኝ። ባትሪ የሚሸጥ ሰው ነው እኮ! አዲሱን ቢሸጥልኝ ማን ይጠይቀው ነበር?

ሁሉንም «ደህና ነው» እያለ የሚመልስ ሰው እንዳይመስላችሁ። ወንድሜ በጅማና አጋሮ መሀል የሚሠራበትን ሚኒባስ ወሰደለት። ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ አድሮም 10.5 አካባቢ ላይ ቀረ። ክዳኖቹን ከፍቶ አሲዱን በመለኪያ እየሳበ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ አሳየው፤ አምስቱ ክፍሎች ከ1.250 በላይ ሲሆኑ አንዱ 1.120 ነበር። በክፍሎች መሀል ከ0.050 በላይ ልዩነት ካለ ባትሪው አይድንም። ስድስቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ይሰጣሉ፤ አንዱ ሲሞት 12.6 የነበረው 10.5 ይሆናል። ሂሳቡን ወንድሜ ራሱ እዚያው አስልቶ አመነ። «ወንድሜ፣ በቻርጅ ገንዘብህን አትጨርስ፣ ይህ ሞቷል» አለው። አዲሱን ከማሰሩ በፊት ግን ዲናሞውን ለካ፤ ሞተሩ እየሠራ 12.8 ብቻ። የዲናሞው ካርቦን አልቆ ነበር። «መጀመሪያ ይህን እንሥራ፣ አለዚያ አዲሱንም ትገድለዋለህ» ብሎ ዲናሞውን አስቀደመ። ወንድሜ አሁንም ስለዚያ ቀን ሲያወራ አይጠግብም።

ሱቁ ትንሽ ነው፣ ወረፋ አለው፣ ሥራውም ቀስ ያለ ነው፤ የሚቸኩል ሰው ይናደዳል። እኔ ግን ቀስ ብሎ የሚለካውን እመርጣለሁ። አርብ ለጁምዓ ሶላት ስለሚዘጋ ከዚያ በፊት ወይም ከሰዓት ሂዱ። ሞተር አያወርድም፣ ፍሪሲዮን አይነካም፤ ሥራው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፣ የማይችለውንም «አልችልም» ይላል። የመኪናችሁ ችግር ማለዳ ብቻ የሚታይ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ወይ መኪናውን ከማታ ጀምሮ እሱ ጋ አሳድሩት። ባትሪው የተገዛበትን ጊዜ ብታውቁ ንገሩት፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የለካውን ቁጥር ሁሉ በወረቀት ጽፎ ይሰጣችኋል፤ የእኔን ዳሽቦርድ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

አንተ ባለሙያ፣ ይህን ካነበብክ እጅህ ይባረክ። በዚያ ብርድ በእግርህ መጥተህ ሥራዬን አዳንክልኝ፤ እግዜር ያክብርልኝ። ሱቁን ማግኘት የፈለጋችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እመራችኋለሁ።