ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ፣ ከ9 ወር ጨዋታ በኋላ

ይህን የቪዲዮ ጨዋታ ከገዛሁ 9 ወር ሆነኝ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ታሪኩን 3 ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ተጫውቼ ጨርሻለሁ፤ ያጠፋሁት ጊዜም በጠቅላላው ወደ 260 ሰዓት ይጠጋል። ግምገማውን በመጀመሪያው ወር ብጽፈው ኖሮ የምሰጠው ፍርድ ዛሬ ከምሰጠው እጅግ የተለየ ይሆን ነበር፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ዙር በሙሉ የተጫወትኩት ጨዋታው በማይፈልገው መንገድ ነበር። ማንንም ሳላስቀይም፣ አንድም ተልዕኮ ሳያመልጠኝ፣ እያንዳንዱን የተቆለፈ በር ከፍቼ ለማለፍ ስል፣ ያልተሳካልኝን ነገር ሁሉ ወደ ቀድሞው ሴቭ (ጨዋታው ወደተቀመጠበት ነጥብ) እየተመለስኩ አስተካክል ነበር። ከሁለተኛው ዙር ወዲህ ግን የዚህ ጨዋታ ጣዕም ያለው በሚያስቀርብን ነገር ላይ እንደሆነ አምኛለሁ፤ ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር ሁሉ ከዚህ እምነት የመነጨ ነው።

ጨዋታውን ኦብሲዲያን ኢንተርቴይንመንት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 ለገበያ ቀረበ። በታሪኩ ውስጥ ዓለምን ያወደመው የኑክሌር ጦርነት የተካሄደው ኦክቶበር 23 ቀን 2077 ሲሆን፣ እኛ የምንገባበት ዘመን 2281፣ ቦታውም በአሜሪካ የሚገኘው የሞሃቪ በረሃ ነው። ተጫዋቹ አንድ የፕላቲኒየም ቺፕ ለማድረስ የተቀጠረ መልእክተኛ ነው። ቤኒ የተባለ ሰው ቺፑን ነጥቆ፣ በጥይት መትቶ፣ በጉድስፕሪንግስ መንደር መቃብር ይቀብረዋል፤ መልእክተኛው ግን ከሞት ተርፎ በመንደሩ ሐኪም በዶክ ሚቸል ቤት ይነቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ገዳይን ፍለጋ ይመስላል፤ እያደር ግን የሁቨር ግድብና የኒው ቬጋስ ከተማ ለማን ይሁኑ ወደሚል ጥያቄ ያድጋል።

የመጀመሪያው ምርጫ የሚደረገው እዚያው በዶክ ሚቸል ቤት ነው። ጥንካሬ፣ ንቃት፣ ጽናት፣ ሞገስ፣ ብልህነት፣ ቅልጥፍናና ዕድል የተባሉ 7 ባሕርያት አሉ፤ ለሁሉም በአንድነት የሚከፋፈለው 40 ነጥብ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም ወደ መካከለኛው አስጠግቼ፣ በምንም ነገር ደካማ ያልሆነ ሰው ሠራሁ። ውጤቱ በምንም ነገር የማይታወቅ ሰው ሆነ። አሁን ለጀማሪ የምመክረው በአንዱ ወይም በሁለቱ ባሕርያት ላይ በድፍረት ደካማ መሆንን ነው። ብልህነት ከፍ ቢል ይጠቅማል፤ በየደረጃው ከሚሰጠው 10 የክህሎት ነጥብ ላይ የብልህነታችንን ግማሽ ይጨምራል። ጽናት ደግሞ ብዙዎች የሚዘነጉት ጥቅም አለው፤ በኒው ቬጋስ ክሊኒክ በቆርኪ፣ ማለትም በጨዋታው ገንዘብ፣ ገዝተን በሰውነታችን ውስጥ የምናስተክላቸው መሣሪያዎች ብዛት የሚወሰነው በእሱ ነው። ሞገስን ዝቅ ማድረግ በልምድ ተጫዋቾች ዘንድ የተለመደ ምክር ነው፤ እኔም እስማማለሁ፤ የሞገስን ጉድለት በንግግር ክህሎት ላይ ነጥብ በማከል መሸፈን ይቻላልና። ከጉድስፕሪንግስ ስንወጣ ጨዋታው ይህን ሁሉ ለመጨረሻ ጊዜ እንድናስተካክል ስለሚፈቅድ፣ የመንደሯን ተልዕኮዎች ቀስ ብሎ ሞክሮ፣ የአጨዋወት ስልትን ለይቶ መውጣት ይሻላል።

ስለ ክህሎቶች ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ጨዋታ ከሌሎች የሚለየውን ነገር ልግለጽ። ንግግር እዚህ የዕጣ ጉዳይ አይደለም። አንድን ሰው ለማሳመን 50 ነጥብ ከተጠየቀና እኛ ያለን 49 ከሆነ አይሳካም፤ 50 ካለን ሁልጊዜ ይሳካል። ይህ በመሆኑ ወደ ቀድሞው ሴቭ እየተመለሱ ደጋግሞ መሞከር ትርጉም የለውም፤ ይልቁንም ለጊዜው 10 ነጥብ የሚጨምረውን ተገቢውን መጽሔት ከቦርሳ አውጥቶ ማንበብ ነው የሚያዋጣው። ንግግርም ብቸኛው ቁልፍ አይደለም። ገና በጉድስፕሪንግስ፣ ፓውደር ጋንገርስ የተባሉት ወንበዴዎች ሊወሩ ሲመጡ፣ ፈንጂ የሚያውቅ ሰው ከኢዚ ፒት ዲናሚት ያገኛል፤ በንግድ የሠለጠነው ባለሱቁን ቼትን ጥሩር እንዲያወጣ ያግባባል፤ ሕክምና የሚያውቀው ደግሞ ዶክ ሚቸል መድኃኒት እንዲያዋጣ ያደርጋል። አንድ ተልዕኮ በእያንዳንዱ ሰው እጅ ሌላ መልክ ይይዛል። ሁሉን ነገር በጥቂቱ የሚያውቅ ሰው ግን ከእነዚህ በሮች አንዱንም ሳይከፍት ሊያልፍ ይችላል፤ በመጀመሪያው ዙር የደረሰብኝም ይኸው ነው።

ከመንደሯ ስንወጣ የኒው ቬጋስ መብራት በሰሜን በኩል ይታያል፤ ቅርብም ይመስላል። በቀጥታ ወደዚያ መሄድን ግን ለጀማሪ በፍጹም አልመክርም። በኳሪ ጃንክሽን ዙሪያ ዴዝክሎው የተባሉ፣ በአንድና በሁለት ምት የሚገድሉ አውሬዎች ሰፍረዋል፤ በሌላው ወገን ያለውን ኮረብታ ደግሞ ካዛዶር የተባሉ ግዙፍ መርዘኛ ተርቦች ይጠብቁታል። ጨዋታው የሚፈልገው በደቡብ በኩል በፕሪም፣ በኒፕተንና በኖቫክ ዞረን እንድንደርስ ነው፤ ይህ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ደግሞ እውነተኛው ትምህርት ቤት ነው። በፕሪም ሸሪፍ ማን ይሁን የሚለውን እንወስናለን። በኒፕተን የቄሳር ሌጌዎን የተባለው ጦር በአንዲት ከተማ ላይ የፈጸመውን ጭካኔ በዓይናችን እናያለን። ኖቫክ ስንደርስ የበረሃው ሰዎች ማንን እንደሚፈሩና ለምን እንደሚፈሩ ገብቶናል። ካዛዶር ያጋጠመው ሰው ክንፋቸውን ይምታ፤ ክንፋቸው ሲጎዳ ፍጥነታቸው ይቀንሳል።

ሁለተኛውን ዙር የተጫወትኩት ሃርድኮር የተባለውን አማራጭ ከፍቼ ነው፤ ለዚህ ጨዋታ ያለኝ ፍቅር የተወለደውም በዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በዚህ አማራጭ መብላት፣ መጠጣትና መተኛት ግዴታ ይሆናል፤ ጥይት ክብደት ይኖረዋል፤ ስቲምፓክ የተባለው መርፌ ቁስልን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ያሽራል፤ የተሰበረ እግር ወይም ክንድ የሐኪም ቦርሳ ወይም ሐኪም ይፈልጋል። በመጀመሪያው ዙር በሺህ የሚቆጠር ጥይትና በርካታ ጠመንጃ ተሸክሜ ነበር የምዞረው። በሁለተኛው ግን ከመንገድ በፊት ዛሬ የት እንደምሄድ፣ ውኃ የት እንዳለ፣ የትኛውን መሣሪያ ትቼ የትኛውን እንደምይዝ ማሰብ ነበረብኝ። በጉድስፕሪንግስ ሶርስ ያለው ምንጭ ጨረር የሌለበት ውኃ ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ዙር ቁም ነገሬ ብዬ ያላየሁት ያ ምንጭ በሁለተኛው ዙር ደጋግሜ የምመለስበት ቦታ ሆነ። በረሃው በረሃ የሆነው ያኔ ነው። ጥማቱ ራሱ ለመቆጣጠር አይከብድም፤ ልምድ ያለው ተጫዋች በቀላሉ ይወጣዋል። ለውጡ ያለው ቦርሳን በማሳነሱ ላይ ነው፤ የያዝነው ጥቂት ሲሆን እያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ያገኛል።

በሃርድኮር የጉዞ ጓዶችም ይሞታሉ። በተለመደው አጨዋወት ጓድ ሲመታ ራሱን ስቶ ይወድቅና ውጊያው ሲያልቅ ይነሳል፤ እዚህ ግን የወደቀ አይነሳም። ቬሮኒካን ያገኘሁት በ188 የንግድ ጣቢያ ነበር፤ በጡጫ የምትዋጋ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ስለ ቀድሞው ዓለም ብዙ የምትጠይቅ ሴት ናት። ወደ ብላክ ማውንቴን ስንወጣ ከጎኔ እንድትቆይ ማዘዝ ሲገባኝ ሳላደርገው ቀረሁ፤ እዚያ ወደሰፈሩት ሱፐር ሙታንት የተባሉ ግዙፍ ጠላቶች ብቻዋን ሮጠች፤ ከመድረሴ በፊት ሞተች። ወደ ቀድሞው ሴቭ ለመመለስ እጄ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተውኩት። ከእሷና ከሕዝቧ ጋር የተያያዘው ተልዕኮ በዚያ ዙር ሳይከፈት ቀረ፤ ቀሪውን መንገድም ከሮቦቱ ከኤዲ ጋር ብቻ ሄድኩ። ከ260 ሰዓት ውስጥ በደንብ የማስታውሰው ያን ምሽት ነው። ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ምክር፦ ጓድን እንዳገኛችሁ የትእዛዝ ዝርዝሩን ክፈቱ፤ ርቀቱን አሳጥሩ፤ በጡጫ ወይም በስለት ለሚዋጋ ጓድ ጠንካራ ጥሩር አልብሱ። አብረው ሊጓዙ የሚችሉት አንድ ሰው መሰል ጓድና ከኤዲና ከውሻው ከሬክስ አንዱ ብቻ ናቸው። ለጀማሪ የሚመች ጥምረት አነጣጥሮ ተኳሹ ቡንና ኤዲ ናቸው፤ ኤዲ ጠላትን ከሩቅ ይለያል፤ ቡን ከሩቅ ይጥላል። ጥምረቱ እጅግ ጠንካራ ከመሆኑ የተነሳ ውጊያውን ያቀለዋል፤ እኔ በሦስተኛው ዙር ሆን ብዬ አልተጠቀምኩበትም።

ስለ መሣሪያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከጠላት የጤና መስመር አጠገብ ቀይ ጋሻ ከታየ ጥይታችሁ ጥሩሩን እየበሳ አይደለም፤ ጥሩር በሺ ጥይት ቀይሩ ወይም ሽሹ። ጥሩር ለሌለው ጠላት ግን ጫፉ ክፍት የሆነው ጥይት ይሻላል። የጥገና ክህሎትን 90 አድርሶ በደረጃ 14 የሚከፈተውን፣ በተመሳሳይ ዓይነት ዕቃ መጠገን የሚያስችለውን ፐርክ (ልዩ ችሎታ) መውሰድ ደግሞ ቆርኪን እጅግ ይቆጥባል።

የጨዋታው ልብ ያለው በወገኖቹ መካከል ነው። የአዲሲቱ ካሊፎርኒያ ሪፐብሊክ ሕግንና ሥርዓትን ይዞ መጥቷል፤ ግን ከአቅሙ በላይ ተዘርግቷል፤ ግብሩም ወታደሮቹም ሕዝቡን አድክመዋል። የቄሳር ሌጌዎን መንገዶችን ከወንበዴ አጽድቷል፤ ዋጋው ባርነት ነው። ሚስተር ሃውስ ከተማይቱን ከጥፋት ያተረፈ ሰው ነው፤ ማንንም ግን አያማክርም። ከሦስቱም ውጪ መሆን የሚሻ ተጫዋች የስ ማን ከተባለው ሮቦት ጋር በራሱ መንገድ ሊሄድ ይችላል። እያንዳንዱ ወገን፣ ትንንሾቹ መንደሮች ሳይቀሩ፣ ስለ እኛ የራሱ ስምና ትዝታ አለው፤ ለአንዱ የተደረገ ውለታ ለሌላው በደል ይሆናል። በመጀመሪያው ዙር ከሁሉም ጋር ታርቄ ለመኖር የቻልኩትን ያህል ለፋሁ፤ የማይቀረው ምርጫ ሲመጣ ግን ለየትኛውም ወገን የማዝንበት ምክንያት አልነበረኝም፤ ከማንም ጋር በእውነት አልቆምኩምና። በሁለተኛው ዙር ለሪፐብሊኩ ወግኜ፣ ሚስተር ሃውስን ፊት ለፊት አግኝቼ ማስወገድ ነበረብኝ። ያን ጊዜ እጄን ከማንሳቴ በፊት ለረጅም ደቂቃዎች ከፊቱ ቆሜ ነበር፤ ጥሩ ጨዋታ ለሰው የሚያደርገው ይህን ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉድለቶቹን መደበቅ አይገባኝም። የፊት ገጽታዎችና የሰዎች እንቅስቃሴ በወጣበት ዘመንም ወደፊት የራቁ አልነበሩም፤ ዛሬ ደግሞ ፈጽመው አርጅተዋል። ስትሪፕ የተባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና በበር በበር ተከፋፍሎ ስለሚጫን፣ ከሩቅ የገባው ቃል ከቅርብ አይሞላም። የሬዲዮው ዘፈኖች ውብ ቢሆኑም ጥቂት ናቸው። በኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ቅርጹ ከ2 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ መጠቀም ስለማይችል፣ ይህን ወደ 4 የሚያሳድገውን በተጫዋቾች የተሠራ ማስተካከያ ከሁሉ በፊት መጫን ይመከራል። ራሱ በሚያደርገው ሴቭ ላይ ብቻ መተማመንም አይገባም፤ በየጊዜው በአዲስ ስም ሴቭ አድርጉ። ይህን የምለው ሽንፈትን ለመሻር ሳይሆን ሥራን ከብልሽት ለማዳን ነው። የመጨረሻው ጦርነት ሲያልቅም ጨዋታው አብሮ ያበቃል፤ ወደ በረሃው መመለስ የለም። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። እኔ ግን የየመንደሩና የየጓዱ ዕጣ በተራ ሲነገር ተቀምጦ መስማት የሚከብደው መመለስ ስለሌለ ነው እላለሁ።

4 ተጨማሪ ታሪኮች አሉት፤ ከእነሱ ጋር የደረጃው ጣሪያ ከ30 ወደ 50 ይወጣል። ዴድ መኒን የምወደው መሣሪያችንን ሁሉ ቀምቶ ስለሚያስገባን ነው፤ ሎንሰም ሮድ ግን ከሁሉም በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ከ10 ቀን በፊት አራተኛውን ዙር ጀምሬያለሁ። በ3ቱም ዙሮች ያልመረጥኩትን መንገድ ለማየት ስል በጉድስፕሪንግስ ከፓውደር ጋንገርስ ጎን ቆምኩ። ሳኒ ስማይልስ፣ በመጀመሪያው ቀን ከመጠጥ ቤቱ ጀርባ ጠርሙስ ደርድራ ተኩስ ያስተማረችኝ ልጅ፣ በመንደሯ መንገድ ላይ ጠመንጃዋን ወደ እኔ አዙራ መጣች። ሴቭ ያደረግኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የቀደመውንም አጥፍቼዋለሁ።