ዙም ኤች1ኤን እና ቦያ ኤም1፦ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረተኞችን ለመቅዳት ይበቃሉ?

ከድሬዳዋው የምድር ባቡር ጥገና ወርክሾፕ በጡረታ የወጡ ሰዎችን የሥራ ሕይወት ለመቅዳት መሣሪያ እየመረጣችሁ ከሆነ መልሱን አስቀድመን እንናገር። ዙም ኤች1ኤን ከአንገት ማይክ ጋር ይበቃል፤ ብቻውን አይበቃም። ቤታቸው ተቀምጠው ለሚያወሩ ሰዎች ሁነኛ መቅጃ ነው፤ ወርክሾፕ ውስጥ እየተዘዋወሩ ለመቅዳት ግን ደካማ ነው። ዙም ስንል የቪዲዮ ስብሰባውን ሳይሆን በዚሁ ስም የሚጠራውን የጃፓን የድምፅ መሣሪያዎች ኩባንያ ነው።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሚፈልግ እንይ። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከተማዋም ያደገችው በባቡሩ ዙሪያ ነው። አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ እስከ 1917 እ.ኤ.አ. ቆየ። 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የዚህ መስመር ሃዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄድበት ሃዲድ 1.435 ሜትር ስለሆነ፣ የድሮው ወርክሾፕ የሚያውቀው መንኮራኩር፣ ኩሽኔታ (አክስሉ ተደግፎ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ) እና ፍሬን ለአዲሱ መስመር አይሆንም። ስለዚህ ሙያው ተረካቢ የለውም፤ ያለው በሰዎቹ እጅና አፍ ላይ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በለጋ ዕድሜው የተቀጠረ ሰው ዛሬ ሰማንያ ተጠግቷል ወይም አልፏል። መቅጃ ስንመርጥ ሚዛናችን ይህ ነው፦ ድምፁ ደክሞ፣ ጆሮው በመዶሻ ጩኸት ተጎድቶ፣ ቬንትሌተር በሚሽከረከርበት ክፍል የሚያወራ አዛውንት የተናገራት እያንዳንዷ ቃል ትሰማለች ወይ?

ኤች1ኤን ትንሽ፣ ቀላልና ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። አናቱ ላይ በ90 ዲግሪ የተያያዩ ሁለት ማይኮች አሉት። የሚሠራው በሁለት ኤኤኤ ባትሪ ነው፤ ሱቅ ሄዳችሁ «የሪሞት ባትሪ» ካላችሁ የሚሰጧችሁ እሱ ነው። በአልካላይን ባትሪ እስከ 10 ሰዓት እንደሚቀዳ አምራቹ ይናገራል። ከኪዮስክ በርካሽ የሚገዛው ተራ ባትሪ ግን ወደዚያ አይጠጋም፤ ክፋቱ ደግሞ ቀስ እያለ ሳይሆን በድንገት መውደቁ ነው። አልካላይን ግዙ፤ ሜኑ ውስጥ የባትሪው ዓይነት በትክክል መመረጡንም እዩ፤ አለበለዚያ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የባትሪ መጠን ያታልላል። ከፓወር ባንክ በዩኤስቢ ማሠራትም ይቻላል። ነገር ግን መቅጃው የሚስበው ኃይል ትንሽ ስለሆነ አንዳንድ ፓወር ባንኮች «የተሰካ ነገር የለም» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ስለዚህ የራሳችሁን ፓወር ባንክ ከቀረጻው ቀን በፊት ለአንድ ሰዓት ሞክሩት።

ካርዱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚቀበለው እስከ 32 ጊጋባይት የሆነ ማይክሮ ኤስዲ ነው፤ 64 ገዝቶ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ገበያው ላይ ከተጻፈበት መጠን በታች የሚይዙ አስመሳይ ካርዶች ሞልተዋል፤ ሞልቶ ሲያልፍ የቀዳ መስሎ ባዶ ፋይል ያስቀራል። አዲስ ካርድ ስትገዙ በኮምፒውተር እስከ አፉ ሙሉት፣ ፋይሎቹን መልሳችሁ ክፈቱ፣ ከዚያ መቅጃው ውስጥ ፎርማት አድርጉት። በ48 ኪሎኸርትዝ፣ 24 ቢት፣ ስቴሪዮ ዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ከቀዳችሁ አንድ ሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት ይወስዳል፤ 32ቱ ጊጋባይት 30 ሰዓት ገደማ ይይዛል ማለት ነው። ረጅም ቀረጻ 2 ጊጋባይት ሲሞላ መሣሪያው ራሱ አዲስ ፋይል ይከፍታል። ድምፁ አይቋረጥም፤ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ፋይል ስታገኙ አትደንግጡ። ኤምፒ3 አድርጎ መቅዳትም ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ግን አንመክረውም። ኤምፒ3ን ኋላ ከዌቩ ማውጣት ይቻላል፤ ከኤምፒ3 የጠፋውን ድምፅ መመለስ ግን አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ማይኩ። የኤች1ኤን የራሱ ማይክ ክፍሉን በሙሉ ይሰማል። መቅጃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ብትሄዱ ቬንትሌተሩን፣ ውጭ የሚያልፈውን ባጃጅና የሲኒውን ኳኳታ ከአዛውንቱ እኩል ይቀዳል። ድሬዳዋ ሙቀት ነው፤ በዚያ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ፊት ቬንትሌተር አጥፉ ማለትም ደግ አይደለም። መፍትሔው ማይኩን ወደ አፍ ማቅረብ ነው። ለዚህ ቦያ ቢዋይ-ኤም1 በቂ ነው። ለዩቲዩብ ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት፣ በቀላሉ የሚገኝ የአንገት ማይክ ሲሆን 6 ሜትር ገመድ አለው። ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ያህል፣ ደረት መሃል ላይ ይታሰራል። ካናቴራ የለበሰ ሰው ከሆነ አንገቱ ጠርዝ ላይ፤ ነጠላ ወይም ሻሽ ትከሻቸው ላይ ከጣሉ ደግሞ ማይኩን እንዳይነካ ወደ ሌላው ጎን ይዙር፤ አለበለዚያ እያንዳንዱ የእጅ እንቅስቃሴ ኮሽታ ሆኖ ይገባል። ቬንትሌተሩ ከጀርባቸው ይሁን። ይህን ብቻ ማድረግ ከማንኛውም የኮምፒውተር ማጣሪያ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ቦያ ላይ የምትታወቅ አንዲት ወጥመድ አለች። ገመዱ ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ኤልአር44 ባትሪ አለ፣ ጎኗ ላይ ደግሞ ማብሪያ። አንዱ ወገን ለስልክ፣ ሌላው ለካሜራ ነው። ኤች1ኤን ላይ ሲሰካ ማብሪያው «ካሜራ» ላይ መሆን አለበት፤ ስልኩ ወገን ላይ ከቀረ ድምፅ የለም ወይም እጅግ ቀጭን ነው። ሥራው ሲያልቅ ካልተመለሰ ደግሞ ባትሪው ሳጥን ውስጥ ሆኖ ያልቃል፤ በማግስቱ ማይኩ የተበላሸ ይመስላል። መለዋወጫ ኤልአር44 ኪሳችሁ አይጥፋ። ማይኩ የራሱ ባትሪ ስላለው መቅጃው ላይ ያለውን የማይክ ኃይል አቅርቦት ዝጉት።

የዚህ ጥምረት ትልቁ ጉድለት እዚህ ጋ ይመጣል። ኤች1ኤን አንድ የማይክ መሰኪያ ብቻ ነው ያለው፤ ቦያን ስትሰኩ የመቅጃው የራሱ ማይኮች ይዘጋሉ። መላሹ ጥርት ብሎ ሲሰማ ጠያቂው ከሩቅ እንደሚናገር ይሆናል። ለሌላ ቃለ መጠይቅ ችግሩ ቀላል ነው፤ እዚህ ግን ሰዎቹ ብዙ ጊዜ ጆሯቸው ከባድ ስለሆነ ጥያቄው ይደጋገማል፣ ይብራራል፤ መልሱ ያለ ጥያቄው ትርጉም ያጣል። ርካሹ መላ ስልክ ነው፦ ጠያቂው ስልኩን አጠገቡ አድርጎ በድምፅ መቅጃ አፕ ይቅዳ፤ ሁለቱም መቅጃዎች ሲጀምሩ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ያጨብጭብ። ያች ጭብጨባ በኋላ ሁለቱን ፋይሎች ለማጋጠም መነሻ ትሆናለች። ስልኩ የአውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ ጥሪ ሲመጣ ቀረጻው ይቋረጣል። መጠባበቂያ ቅጂም ይሆንላችኋል።

የድምፅ መጠን አወሳሰድ ላይ አውቶ ሌቭል የሚለውን፣ መጠኑን መሣሪያው ራሱ የሚያስተካክልበትን፣ አትጠቀሙበት። አዛውንቶች ሲያስታውሱ ዝም ይላሉ፤ መሣሪያው ያን ጊዜ «ድምፅ አነሰ» ብሎ ከፍ ሲያደርግ ቬንትሌተሩ እየጎላ ይመጣል፣ ንግግሩ ሲቀጥል ደግሞ የመጀመሪያዋ ቃል ትፈነዳለች። በእጅ አስተካክሉ፦ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ቁልፍ እያዞራችሁ፣ ከፍተኛው ንግግር ከጣሪያው ወደ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቀር። ለሙከራ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አታስብሏቸው፤ ሰው ሲቆጥር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን በሚቀረጽበት ክፍል) ጩኸት ውስጥ ረዳትዎን እንዴት ነበር የሚጠሩት?» በሏቸው፤ እውነተኛው ከፍታ ያኔ ይወጣል። ድንገት የሚጮኸውን ድምፅ የሚገታውን ሊሚተር ክፈቱት፣ ዝቅተኛ ጉርምርምታ የሚቆርጠውን ሎ ከትም እንዲሁ። ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ሌሎቹን ቁልፎች ወደሚቆልፈው ሆልድ ግፉት፤ ካለዚያ ሳይታሰብ እጅ ሲነካው ይቆማል። ጆሮ ማዳመጫ ሳያደርጉ መቅዳት ፈጽሞ አይገባም፤ ቀዩ መብራት መብራቱ ድምፅ እየገባ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም።

ወርክሾፕ ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የፕላስቲኩ አካል እጅ በነካው ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ ነፋስ መከላከያ ስፖንጅም ሆነ መቆሚያ ከሳጥኑ ጋር አይመጡም፣ ለብቻ ይገዛሉ። ከጀርባው የካሜራ መቆሚያ የሚገባበት ብሎን ቀዳዳ ስላለው ትንሽ መያዣ ግዙለት። ከባዱ ችግር መዶሻ ነው። አንድ ሰው የብረት መቀጥቀጫ ላይ እንዴት ይመታ እንደነበር ሲያሳይ ንግግሩና ምቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው፤ ለንግግር ካስተካከላችሁ ምቱ ይቀደዳል፣ ለምቱ ካስተካከላችሁ ንግግሩ ይጠፋል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ታናሹ፣ ዙም ኤች1ኢሴንሻል፣ ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ድምፅ አንድ ላይ በሚይዘው በ32 ቢት ፍሎት ስለሚቀዳ ይህን ማስተካከል አያስፈልገውም፤ የቀረጻ መጠን ማዞሪያም የለውም። እስከ 1 ቴራባይት ካርድ ይቀበላል፣ መሰኪያው ዩኤስቢ-ሲ ነው፣ በ48 ኪሎኸርትዝ ስቴሪዮ ሰዓቱ 1.4 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ሁለቱንም ማግኘት የሚችል ሰው እሱን ይግዛ። ኤች1ኤን ያለው ሰው ግን አይቀይር፤ ምቱን ለብቻው፣ ዝቅ ባለ መጠን፣ ከ3 ሜትር ርቆ ይቅዳ፤ ማብራሪያውን ደግሞ ከዚያ ወጥቶ ጥላ ሥር።

የትኛውም መቅጃ የማይቀዳው አንድ ነገር አለ፤ እጅ። የእነዚህ ሰዎች ዕውቀት ግማሹ በእጅ የሚነገር ነው። ነጭ ብረት (በቀላሉ የሚቀልጥ ለስላሳ ብረት) አቅልጦ ኩሽኔታ ውስጥ ስለ ማፍሰስ የጠየቃችሁት ሰው «ይህን ያህል ታሞቀዋለህ፣ እንዲህ ታደርገዋለህ» ይልና እጁን ያሳያል። ቀረጻው ላይ የሚቀረው «እንዲህ» ብቻ ነው። ጠያቂው ወዲያው ወደ ቃል ይመልሰው፦ «የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ነው የሚያሳዩኝ?» «ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያዘነብሉት?» ቀጥሎ መጠን፣ ቅደም ተከተልና ምልክት ይጠየቅ፦ ብረቱ መድረሱን በምን ያውቁ ነበር? በብዙ አገር ያሉ የሙያው ሰዎች ደረቅ እንጨት ነክረው ወዲያው ሲጠቁር ደረሰ ይላሉ፤ እዚህስ? ቅርጹ ውስጥ እርጥበት ቢቀር ምን ይሆናል? ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የቀለጠውን ብረት ፊት ላይ እንደሚረጭ የሚያውቅ ጠያቂ፣ የተጎዳ ሰው ነበረ ወይ ብሎ መጠየቅም ያውቅበታል። መንኮራኩር የሚያስተካክል ቶርነርን ደግሞ በአንድ አክስል ላይ ያሉ ሁለት ጎማዎች መጠናቸው እኩል መሆኑን በምን ይለካ እንደነበር ጠይቁት፤ አንዱ ካነሰ አክስሉ ወደ አንድ ወገን እየጎተተ የጎማው ከንፈር በሃዲዱ ይበላል። የሚያወሩበትን መሣሪያ ፎቶ አንሱ፤ የፎቶውንም ቁጥር በድምፅ ተናገሩት።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። ከሰዓት በርጫ ነው፤ ጉንጭ ሙሉ ጫት ይዞ የሚወጣ ንግግር የትኛውም ማይክ አያጠራውም፤ ክፍሉም በእንግዳ ይሞላል። ድሬ አንቱታ ብዙ አትወድም፤ ቢሆንም በ«እርስዎ» ጀምሩ፣ «አንተ በለኝ» ያሏችሁ ዕለት ትቀይራላችሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ ቁሙ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድካም እንጂ ትዝታ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ስም፣ የሥራ ክፍል፣ ቀንና ቦታ ይነገር፤ ቀረጻው ለምን እንደሚውል ተገልጾ እሺታቸው በራሳቸው ድምፅ ይግባ። የጡረታ ደብተር ቁጥርና የጤና ጉዳይ ከተነሳ ግን መቅጃው ይቁም። የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገናኛሉ፤ ያልገባችሁን የመሣሪያ ስም በወረቀት ያዙና መጨረሻ ላይ አንድ በአንድ አስደግሟቸው። ቀረጻውን ወደ ጽሑፍ የሚገለብጠው ሰው ምርቃቱን ለእናንተ ያወርዳል።

በዚያው ቀን ማታ ካርዱን ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ አንዱ ቅጂ ከቤታችሁ ውጭ ይቀመጥ። ካርዱ የሚጠፋው ሁለቱም ቅጂዎች ተከፍተው ከተሰሙ በኋላ ነው። ለቤተሰቡ ደግሞ በ64 ኪሎቢት ሞኖ ኤምፒ3 አውጡላቸው፤ አንዱ ሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሆን ውጭ አገር ላሉት ልጆች በቴሌግራም በቀላሉ ይደርሳል። ለአዛውንቱ ራሳቸው ግን ሬዲዮ ላይ በምትሰካ ፍላሽ ስጧቸው።