የሦስት ሚሊ ሜትር ነገር፦ ለሞዴል ጀልባዬ የገዛሁት የሃርድዌር ስብስብ

ጀልባዋን ሠርቼ ለመጨረስ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ቀለሟ ደርቆ፣ ሞተሯ ቦታው ገብቶ የቀረኝ ከኋላ የሚገጠመው ብረታ ብረት ብቻ ነበር። ፕሮፔለሩን የሚሸከመው ስትራት፣ መሪው፣ የመዞሪያ ፊኑ (ጀልባዋ ስትዞር ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የሚይዛት ምላጭ)፣ ሞተሩንና ፕሮፔለሩን የሚያገናኘው ተጣጣፊ ሻፍትና ሻፍቱ የሚያልፍበት የነሐስ ቱቦ። ሁሉንም በአንድ ካርቶን የሚሸጥ አምራች አገኘሁና ገዛሁ። ከገጠምኩት አራት ወር ሆኖታል። ከአርባ ጊዜ በላይ ውኃ ላይ አውጥቼዋለሁ። ስለዚህ አሁን መናገር እችላለሁ።

ጀልባዋ በሪሞት የምትነዳ፣ ስሎ-ሞ-ሹን 4 የተባለችው የእሽቅድምድም ጀልባ ቅጂ ናት፤ ልኬቷ 1/10 ነው። ዋናዋ ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1950 ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ በሰዓት 160 ማይል፣ ማለትም 258 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጣ የዓለምን የውኃ ላይ ፍጥነት ክብረ ወሰን ሰብራለች። ስትፈጥን ውኃ የሚነኩት የሁለቱ ስፖንሰኖች፣ ማለትም ግራና ቀኝ ያሉት ተንሳፋፊ ጎኖቿ፣ ጫፍና ፕሮፔለሩ ብቻ ነበሩ። ፕሮፔለሩም ግማሹ ከውኃ በላይ ወጥቶ ነው የሚሽከረከረው። የኔዋም እንደዚያ እንድትሄድ ነው የምፈልገው። እንዲህ ዓይነት ጀልባ ላይ ስትራቱ በአንድ ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ሌላ ጀልባ ትሆናለች። ለዚህም ነው ሃርድዌርን በሁለት ነገር የምመዝነው። በቀላሉ ይስተካከላል ወይ? ከተስተካከለስ በኋላ ባለበት ይጸናል ወይ?

ስትራቱ ሁለቱንም ፈተና አልፏል። ከአሉሚኒየም ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ በሞረድ መነካት እንኳን አላስፈለገውም። ከፍታውና ማዕዘኑ ለየብቻ ይስተካከላሉ። ጎኑ ላይ በየሚሊ ሜትሩ ጭረት አለ፤ ይቺ ጭረት ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ስንት ድካም እንዳተረፈችልኝ! ስጀምር የሻፍቱን መሐል ከስፖንሰኖቹ ታችኛ ጠርዝ ጋር እኩል አደረግኩ። ማዕዘኑን ዜሮ ላይ አሰርኩት። የመጀመሪያው ቀን አፍንጫዋ በጣም ቀለላት። ቀጥ ባለው መስመር ላይ ሙሉ ጉልበት ስሰጣት ነፋስ ከሥሯ ገባና ወደ ኋላ ገለበጣት። ልቤ ቀጥ አለ። ደግነቱ ከተሰነጠቀ የአብራሪ ወንበር በቀር ጉዳት አልደረሰባትም። ስትራቱን አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ዝቅ አደረግኩት። ስትራቱ ዝቅ ሲል የጀልባዋ ጀርባ ከፍ ይላል፣ አፍንጫዋም ወደ ውኃው ይጠጋል። ከዚያ ወዲህ አልተገለበጠችም። ብሎኖቹም ከዚያች ጭረት ፍንክች አላሉም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ ወደ ሻፍቱ።

ተጣጣፊ ሻፍት ማለት ከቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ተደራርቦ የተገመደ ኬብል ነው። የዚህኛው ውፍረት 4.76 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሩ ሲያዞረው ግምዱ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ደግሞ ያጥራል። ስለዚህ ፕሮፔለሩን ይዞ የሚያሽከረክረው ጥርስ ያለው ቀለበት ከስትራቱ ጋር መነካካት የለበትም። በመሐላቸው ክፍተት ያስፈልጋል። ከካርቶኑ ጋር የመጣችው አንዲት ወረቀት ግን «ቀለበቱን ከስትራቱ ጋር አጣብቀው ይሠሩ» ትላለች። አምኜ አጣበቅኩት። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ጀልባዋ ፍጥነት ቀነሰች። አውጥቼ ስነካው ሞተሩ እጅ ያቃጥላል። ቀለበቱ የስትራቱን ፊት ክብ አድርጎ በልቶታል። ሻፍቱም ጫፉ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ ብረት በሙቀት ሲጎዳ የሚያመጣው ቀለም ነው።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ባለ 3 ሚሊ ሜትር የትራፓኖ ጫፍ በቀለበቱና በስትራቱ መሐል አስገባለሁ። ሻፍቱን ገፋ አድርጌ ሞተሩ ጋ ያለውን ኮሌት፣ ማለትም ሻፍቱን ቆንጥጦ የሚይዘውን ማሰሪያ፣ አጠብቃለሁ። ከዚያ የትራፓኖውን ጫፍ አወጣለሁ፤ አለቀ። በአሥር ሰከንድ ሥራ ሻፍት ይድናል። ችግሩ ግን ከካርቶኑ ጋር የመጣው ሻፍት የተቆረጠው ወረቀቷ እንደምትለው ተጣብቆ እንዲሠራ ነው። ክፍተቱን ስትተዉለት ኮሌቱ ውስጥ የሚገባው ክፍል ያንሳል። እኔ ሞተሩን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ ነው ያዳረስኩት። ሞተሩን ገና ያልገጠመ ሰው ይህን ከአሁኑ ያስብበት።

ሌላም ነገር አለ። ኬብሉ የሚወደው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ በተቃራኒው ካዞሩት ግምዱ ይፈታል። ፕሮፔለር ሳይታሰር፣ ጋዙን በጣም በትንሹ ሰጥቶ አቅጣጫውን ማየት ነው። ብሩሽ አልባ ሞተር ከሆነ ከሦስቱ ሽቦዎች ማናቸውንም ሁለቱን ማቀያየር ይበቃል።

የነሐስ ቱቦው ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። ከውስጡ የሚገባውን የቴፍሎን ሽፋን ሳላስገባ ደቃቅ አሸዋ ሞላሁበትና ሁለቱን ጫፍ ደፈንኩ። በእሳት ትንሽ አለስልሼ በጠርሙስ ዙሪያ ቀስ እያልኩ አጎበጥኩት። አሸዋው ቱቦው እንዳይጨማደድ ይረዳል። ሻፍቱ ሲገባ በጣት ብቻ ሲያዞሩት ያለ ምንም መያዝ መዞር አለበት። ከያዘ ቱቦው የሆነ ቦታ ላይ ተጨማድዷል ማለት ነው። እኔ ሁለተኛ ሙከራ ላይ ነው የተሳካልኝ። ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ ሻፍቱን ስቤ አወጣለሁ፣ እጠርገዋለሁ፣ ግራሶ ቀብቼ እመልሰዋለሁ። ኮሌቱ ይህን ቀላል አድርጎታል፤ በዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

መሪው ከስብስቡ ሁሉ የምወደው ነው። ምላጩ ቀጭን ግን ጠንካራ ነው። ፊቱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ውኃ ይገባና በጎማ ቱቦ ወደ ሞተሩ ማቀዝቀዣ ይሄዳል። ምላጩን ከታች የሚይዘው የናይለን ብሎን ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በሙሉ ፍጥነት ተንሳፋፊ እንጨት መታሁ። የናይለኑ ብሎን ተቆረጠ፣ ምላጩ ወደ ኋላ ተነሣ፣ የጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ግን አልተነካም። የብረት ብሎን ቢሆን ኖሮ ግድግዳዋ አብሮ ይነቀል ነበር። ሁለት ትርፍ የናይለን ብሎን ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጠዋል። ይህን ያሰበው ሰው ራሱ ጀልባ የሚነዳ ነው።

ፊኑ ላይ ግን ተቸግሬአለሁ። ታላላቆቹ ሃይድሮፕሌኖች፣ ማለትም እንደ ስሎ-ሞ-ሹን ውኃውን እየነኩ ብቻ የሚሮጡት ጀልባዎች፣ የሚሽቀዳደሙት ወደ ግራ እየዞሩ ነው፤ ስለዚህ ፊናቸውም ግራ ነው። የሞዴል ውድድር ደግሞ በሰዓት አቅጣጫ፣ ወደ ቀኝ ነው። ቅጂ ለሚሠራ ሰው ይህ የታወቀ የልብ ሕመም ነው፤ መልኩን ላድርግ ወይስ ሩጫውን? እኔ ሩጫውን መረጥኩ። የፊኑ መያዣ ግን የተበሳው ለግራ ብቻ ነበር። አዲስ ቀዳዳ መብሳት ግድ ሆነብኝ። በሁለቱም በኩል ቢበሱት ምን ይጎዳቸው ነበር?

አብረው የመጡትን የብረት ብሎኖች አትጠቀሙባቸው። ተራ ብረት ናቸው፤ በሁለት ሳምንት ዛጉ። በማይዝግ ብረት ቀየርኳቸው፣ እያንዳንዱም ላይ የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አደረግኩ። የኋላ ግድግዳውንም ከውስጥ በ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አጠንክሩት። ቀዳዳውን መጀመሪያ ሰፋ አድርጋችሁ ብሱ፣ በኢፖክሲ ሙሉት፣ ሲደርቅ በልኩ እንደገና ብሱት። እንዲህ ከሆነ ውኃ ወደ እንጨቱ የሚገባበት መንገድ አያገኝም። አብሮ የመጣው የፕላስቲክ ፕሮፔለር ለሙከራ ይሆናል፤ እኔ ወዲያው በብረት ቀይሬዋለሁ።

ለአምራቹ ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ። የወረቀቷን ያንን አንድ መስመር እንዲያርሙ፣ ሻፍቱንም አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝመው እንዲቆርጡ ጠይቄአለሁ። እስካሁን መልስ አልመጣም። ሁለተኛ ጀልባ ጀምሬአለሁ። ስትራቱንና መሪውን ለየብቻ የሚሸጡልኝ ከሆነ ዛሬውኑ እገዛለሁ። ሙሉውን ካርቶን ግን አልደግመውም።