ርካሹ ጋይሮ ስንት ያስወጣል? ኤምፒዩ-6050 ወይስ አይሲኤም-42688-ፒ

የፋይናል ፕሮጀክት ሰሞን ሲደርስ «የቱን ጋይሮ (መዞርን የሚለካ ሴንሰር) ልግዛ?» የማይለኝ ተማሪ የለም። ባለሁለት ጎማ ሮቦት የሚያቆመውም፣ ድሮን የሚሠራውም ጥያቄው አንድ ነው። መልሴም አንድ ነው፤ ኤምፒዩ-6050 የሚባለውን የጋይሮ ቺፕ ትታችሁ አይሲኤም-42688-ፒ የሚባለውን ግዙ።

መጀመሪያ ዋጋ። ኤምፒዩ-6050 የተቀመጠበት ጂዋይ-521 የሚባለው ሰማያዊ ቦርድ ቻይና ካሉ የኦንላይን ሻጮች ከ2 እስከ 3 ዶላር ግድም ነው። አይሲኤሙ ያለበት እንደየሻጩ ከ5 እስከ 15 ዶላር ይሄዳል። በብር አልጽፍላችሁም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሆንም፤ እዚህ ሱቅ ስትገዙ ደግሞ የአስመጪው ትርፍ ይታከልበታል። «እጥፍ ከፍዬ ለምን?» ትሉኛላችሁ። ርካሹን ደጋግማችሁ ስለምትገዙት ነዋ!

6050 ጥሩ ቺፕ ነበር፤ ግን አርጅቷል። የሠራውን ኢንቨንሴንስን ቲዲኬ የገዛው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ዛሬ ገበያውን ያጥለቀለቀው በአብዛኛው ኮፒ ወይም ስሙ የተቀየረ ሌላ ቺፕ ነው። አንድ ተማሪ ከአንድ ሱቅ ገዝቶ አርዱዊኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ላይ ሲሰካው «ግንኙነት አልተሳካም» ይለዋል። ሽቦ ቀየረ፣ እንደገና በየደው፣ አርዱዊኖውንም ለወጠ። ወይ ፍንክች! ችግሩ ያለው ቺፑ ራሱ ጋ ነው። ቺፑ ማንነቱን የሚናገርበት ሬጅስተር (ትንሽ የማስታወሻ ቦታ) አለው፤ አድራሻውም መልሱም የሚጻፈው በሄክስ (በ16 መሠረት ቁጥር) ነው፤ አድራሻው 75 ነው። ኦሪጅናሉ 68 ብሎ ይመልሳል። የልጁ 98 አለ። 70 ካለ ደግሞ ምናልባት ኤምፒዩ-6500 የሚባለው ሌላ ቺፕ ነው፤ ኮዱ ላይ ቁጥሯን ቀይራችሁ ትገላገላላችሁ። 98 የሚለውንም ማረጋገጫውን አጥፍታችሁ ልታነቡት ትችሉ ይሆናል። ግን ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ ዳታሺት (የአምራቹ ዝርዝር መግለጫ) የለም። ሱቁ ውስጥ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተለጥፏል።

ኦሪጅናሉን አገኘን እንበል። ቆሞ እያለ እንኳ በሰከንድ እስከ 20 ዲግሪ የሚዞር ሊመስለው እንደሚችል ዳታሺቱ ላይ ተጽፏል። ካሊብሬት ካልተደረገ (ስህተቱ ተለክቶ ካልተቀነሰለት) በ10 ሰከንድ 200 ዲግሪ ዞረ ማለት ነው። ካሊብሬት ብታደርጉትም ሙቀት ሲለወጥ ይንሸራተታል። የአይሲኤሙ ስህተት በሰከንድ 0.5 ዲግሪ ብቻ ነው። ኖይዙም (የንባቡ መዋዠቅ) የ6050ን ግማሽ ያህል ነው።

ጋይሮው ውስጥ ስለሚንቀጠቀጠው ነገር ቅርጽም የሚጠይቁኝ አሉ፤ ሹካ ይሻላል ወይስ ቀለበት? ሥራቸው አንድ ነው። አንድ ነገር ይንቀጠቀጣል፤ ሲዞር የኮሪዮሊስ ኃይል ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ያ ይለካል። ብራያን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1890 የሚያስተጋባ ብርጭቆ ሲዞር የንዝረቱ ቅርጽ አብሮት እኩል እንደማይዞር፣ ወደኋላ እንደሚቀር አሳየ። በዚሁ ሐሳብ ከኳርትዝ የተሠራው የግማሽ ሉል ጋይሮ ከካሲኒ መንኮራኩር ጋር ሳተርን ደርሷል። ወደ ኪሳችን ግን አይደርስም። ቀለበቱ ሴግዌይ (ቆመው የሚነዱት ባለሁለት ጎማ) ውስጥ ነበር፤ ግሩም ነው፣ ግን ለተማሪ ውድ ነው። ከድሮ ቪዲዮ ካሜራ የወጣ የሙራታ ዘንግ ጋይሮ «በርካሽ ልስጥህ» የሚላችሁ ካለ እለፉት፤ ሙቀት ያዛባዋል። በኛ ዋጋ ያለው ምርጫ ከሲሊከን የተቀረጹ ደቃቅ ክብደቶች የሚንቀጠቀጡበት ዓይነት ብቻ ነው። ሁለቱም ቺፖች እሱው ናቸው።

ደቃቅ ስለሆኑም ይሰበራሉ። 6050 ውስጥ ያሉት በሰከንድ ከ27 እስከ 33 ሺህ ጊዜ ይንቀጠቀጣሉ። ብየዳውን ለማጽዳት ብላችሁ ሞባይል ጠጋኞች ጋ ያለው የአልትራሳውንድ ማጠቢያ ውስጥ እንዳትከቱት። ከዚያ የወጣ ቦርድ አይቻለሁ፤ ማንነቱን ሲጠየቅ በትክክል 68 ይላል፣ አንዱ አክሲስ (የመዞሪያ አቅጣጫ) ግን ብታዞሩት ብታገላብጡት ንቅንቅ አይልም። ድሮን ላይ ከሆነ ደግሞ የሞተሩ ንዝረት እንዳያሳብደው ከሥሩ ስፖንጅ ነገር አድርጉለት።

አይሲኤሙም እንከን አለው። ከ3.6 ቮልት በላይ አይችልም። ብዙዎቹ ቦርዶች ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚቀንስ ክፍል) የላቸውም፤ 5 ቮልት ከሰጣችሁት አለቀለት። ከማዘዛችሁ በፊት ፎቶውን አጉልታችሁ ሬጉሌተር መኖሩን እዩ። ዝግጁ ላይብረሪም እንደ 6050 አይትረፈረፍለትም። ሱቅ የምትገዙ ከሆነ ላፕቶፕና አርዱዊኖ ይዛችሁ ሂዱና ባለሱቁ ፊት ቺፑን ማንነቱን ጠይቁት። የአይሲኤሙ መለያ የሆነውን 47 ካላለ ገንዘባችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ።